ራፕ፣ ዳጉ እና የምስክርነት ሥልጣን

ፖለቲካዊ ንቃት ያለው ራፕ ገዢዎችን የሚፈታተነው ከስድብና ከመፈክር ይልቅ በምስክርነት ነው። የመንግሥት የዜና ማሰራጫ አይቶ ያለፈውን ጉዳይ የደረሰበት ሰው ራሱ ይናገረዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የግራንድማስተር ፍላሽ እና የፊዩሪየስ ፋይቭ «ዘ ሜሴጅ» የተሰኘ ዘፈን የኒው ዮርክን ድሃ ሰፈሮች ኑሮ በዝርዝር አቀረበ። የራፕ ቡድኑ የፐብሊክ ኤነሚ አባል ቻክ ዲም ራፕን የጥቁር አሜሪካውያን የዜና አውታር አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

ይህን ባሕርይ ለመመዘን ዳጉ የተባለው የአፋሮች ባህላዊ የዜና መለዋወጫ ሥርዓት ሁነኛ መለኪያ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ቁጭ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ዝናብ የጣለበትን፣ ሣር የበቀለበትን፣ ግጭት የተነሳበትን በተራ ያወጋል። በዐይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ይለያል። ሆን ብሎ ሐሰት ያወራ በባህሉ ሕግ ይጠየቃል። ዳጉ መረጃን ለሁሉም ክፍት ሲያደርግ ተናጋሪውንም ተጠያቂ ያደርጋል።

የቱኒዚያው ራፐር ኤል ጄኔራል የፈጸመው ሥራ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በ2010 መገባደጃ በለቀቀው «ራይስ ለብላድ» ፕሬዚዳንት ቤን አሊን በቀጥታ እያናገረ ድህነትንና የፖሊስን በደል ዘረዘረ። ዘፈኑ በፌስቡክ ተዛመተ፤ ዘፋኙም በጃንዋሪ 2011 መጀመሪያ ታሰረ። በዚያው ወር ቤን አሊ አገር ጥሎ ሸሸ። አብዮቱን የወለደው ዘፈኑ አይደለም፤ ሰው በጓዳ የሚያንሾካሹከውን አደባባይ አወጣው እንጂ።

በኢትዮጵያ ሥልጣንን በጽኑ የተገዳደረው ሙዚቃ በአብዛኛው ከራፕ ውጭ ይገኛል። በወጣትነቱ አምቦ የታሰረው ዘፋኝ ሃጫሉ ሁንዴሳ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ማላን ጂራ» የኦሮሞን ሕዝብ መፈናቀል ብሶት በፍቅር ዘፈን አዋዝቶ ያቀርባል። በዲሴምበር 2017 በሚሊኒየም አዳራሽ፣ ለተፈናቃዮች እርዳታ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ያሰማው ተቃውሞ በኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ በቀጥታ ተላለፈ። ተቃውሞው በመንግሥት አውታር ሲሰማ ጣቢያው ራሱ የክርክሩ መድረክ ሆነ። በውጭ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ራፕን በቀጥታ ተጠቅመውበታል። የሲያትሉ ጋብሪኤል ቴዎድሮስ «ላቭወርክ» በተሰኘው እ.ኤ.አ. የ2007 አልበሙ የስደተኛ ልጅ ማንነትንና የፍትሕ ጥያቄን አገናኝቷል።

ከእነዚህ ሥራዎች የሚወጣው መለኪያ ግልጽ ነው። ጥሩ ፖለቲካዊ ራፕ ማን እንደተጎዳ፣ ማን እንደበደለና ተናጋሪው ይህን ከየት እንዳወቀ ያሳያል። ቤት መምታቱ ብቻውን እውነት አያደርገውም፤ ያልተጣራ ወሬና ጥላቻም በዚያው ምት ሊጓዙ ይችላሉ። ስለዚህ ገዢውን ተጠያቂ ለማድረግ የሚነሳ ዘፋኝ በዳጉ ሕግ እንደሚጠየቀው ተናጋሪ ለቃሉ ራሱ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።