«መነመነ» ስለሚለው ቃል

በቋንቋችን ቀስ በቀስ ኃይል ማጣትን የሚገልጡ ብዙ ቃላት አሉ። ነገር ግን በዛሬው ጊዜ ብዙዎች ሲጽፉም ሆነ ሲናገሩ ለሁሉም «ተዳከመ» ማለትን ልማድ አድርገውታል። ንግዱም ተዳከመ፥ ትምህርቱም ተዳከመ፥ ግብረ ገብነትም ተዳከመ ይባላል። ይህ ስንፍና ቋንቋን ብቻ ሳይሆን ማስተዋልንም ይጎዳል።

የደከመ ሰው ቢያርፍ ይበረታል። የመነመነ ግን እያነሰና እየሳሳ የሚሄድ ነውና፥ የጎደለው ካልተተካለት ዕረፍት ብቻ አይመልሰውም። የተሸረሸረ ደግሞ ጎርፍ እንደ በላው የወንዝ ዳር ከውጭ የመጣ ነገር የቦረቦረው ነው። የላሸቀው ከሁሉ ይከፋል፤ ከመጠን በላይ እንደ በሰለ ፍሬ መልኩ ሳይጎድል ውስጡ ጥንካሬ አጥቷልና፥ ካልነኩት በቀር አይታወቅም። በሽታውን ሳይለይ መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪም እንደሚሳሳት ሁሉ፥ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ቃል የሚሰጥም እንዲሁ ይሳሳታል።

በምሥራቅ ሐረርጌ ያለውን የሐረማያን ሐይቅ እንመልከት። ውሃው ለሐረር ከተማ መጠጥ፥ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ብዙ ዓመታት ሲቀዳ፥ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደውም ደለል ሲሞላው ቆይቶ፥ በ1990ዎቹ ዓ. ም. መጨረሻ ወለሉ ደርቆ ታየ። ከዚያ በኋላ ውሃ መልሶ ቢይዝም፥ በዚያን ጊዜ የተባለው «ሐይቁ ደረቀ» ነበር። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የዘገየ ነው። «ደረቀ» ለተፈጸመ ነገር የሚነገር መርዶ ሲሆን፥ «እየመነመነ ነው» ግን ገና ጊዜ ሳለ የሚሰማ ማስጠንቀቂያ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ቃልም ላይ አንድ ነቀፋ አለ። «መነመነ» ሲባል አድራጊው አይታይም፤ ነገሩ ከራሱ የመጣ ይመስላል። ከፊቱ አንዲት «አ» ጨምረን «አመነመነ» ብንል ግን «ማን?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል። ሐይቁ ራሱን አላመነመነም፤ ባለ ውሃ መሳቢያውም፥ ባለ ማሳውም፥ ከተማውም በየድርሻቸው አመነመኑት። የእያንዳንዱ ቅጂ ለብቻው ሲታይ ጥቂት ነውና፥ ራሱን በዳይ ነኝ የሚል አይገኝም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ጠባይም የሚጎድለው እንደዚሁ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ስለዚህ «የማንበብ ልማዴ መነመነ፥ ቃል መጠበቄ መነመነ» ከማለት ይልቅ «አመነመንሁት» ማለትን ልመድ። ቃሉ ለአፍ ይከብዳል፤ ነገር ግን አድራጊውን ያወቀ ሰው ማን ማቆም እንዳለበትም ያውቃል።