የጌም ኪራይ ተወዷል?

ስቶክሆልም ዘፈን መግዛትን ትተው ወደ ኪራይ ቀድመው ከገቡ ከተሞች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 እዚሁ የተመሠረተው ስፖቲፋይ በ2008 ሥራ ከጀመረ በኋላ ሲዲ መደርደር ቀስ በቀስ ቀረ። በ2012 ኔትፍሊክስ ስዊድን ሲገባ ፊልሙም ተከተለ። አሁን ተራው የቪዲዮ ጌም ነው፤ ከእሱም ጋር አንድ ቅሬታ መጥቷል፦ ለጌም ከፊልም በላይ የምንከፍለው ለምንድን ነው?

ቅሬታው መነሻ አለው። ማይክሮሶፍት በኦክቶበር 2025 የጌም ፓስን ከፍተኛ ደረጃ አሜሪካ ውስጥ በወር ከ19.99 ወደ 29.99 ዶላር አሳደገ። ያኔ ማስታወቂያ የሌለው መደበኛው ኔትፍሊክስ 17.99 ዶላር ነበር።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ዘረፋ ነው» ማለት ግን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን በአንድ ሚዛን መመዘን ነው። ፊልም ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው፤ ያው ቅጂ ለሺዎች ይላካል። በኢንተርኔት የሚላክ ጌም ግን ተጫዋቹ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ሩቅ ያለ ኮምፒውተር አዲስ ምስል እንዲሠራለት ይፈልጋል፤ ተጫዋች በበዛ መጠን ማሽኑም መብዛት አለበት። ኤንቪዲያ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ የጂፎርስ ናው አዳዲስ ደንበኞቹን በወር በ100 ሰዓት የገደበው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ የጌሙ ክፍያ ከፍ ማለቱ ብቻውን በደል አይባልም።

በደሉ ያለው በወር መቁጠሩ ላይ ነው። የዚህችው ከተማ ሁለት ሥራዎች ይህን ያሳዩናል። የሄዝላይት «ኢት ቴክስ ቱ» (2021) ሁለት ሰዎች አብረው የሚጫወቱት፣ በጥቂት ምሽቶች የሚያልቅ ታሪክ ነው። እንደ ፊልም ተከራይተው ጨርሰው ቢመልሱት የሚቀርብዎት ነገር የለም። የፓራዶክስ «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» (2013) ግን ከ1444 እስከ 1821 አንድ አገር የሚያስተዳድሩበት ነው፤ ቅዳሜ ማታ ብቻ ጊዜ የሚያገኝ ሠራተኛ አንዱን ዙር ለመጨረስ ወራት ይፈጅበታል። በወር ክፍያ ሲሆን ቀስ ብሎ የሚጫወተው ሰው ለአንዱ ጌም ደጋግሞ ይከፍላል፤ ቀኑን ሙሉ ከሚጫወተው ጎረምሳ እኩል።

ጌሙ ከዝርዝሩ የወጣ ዕለት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ፊልም ቢነሳ ያላየነው ይቀርብናል፤ ጌም ቢነሳ ወራት የደከምንበት ሥራ በሩ ይዘጋብናል፤ የሚከፈተውም ጌሙን ስንገዛ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። መግዛትም ቢሆን ዋስትና የሚሆነው ዕቃው በእጃችን ሲገባ ነው። በ2019 ስዊድንን ጨምሮ በ14 አገሮች የተከፈተው የጉግል ስታዲያ በጃንዋሪ 2023 ሲዘጋ፣ ኩባንያው ለተሸጡት ጌሞች ገንዘብ መለሰ፤ የወር ክፍያውን ግን አልመለሰም።

እንግዲህ ፍትሐዊው ዋጋ የግድ ከኔትፍሊክስ የሚያንሰው አይደለም። የተከራየነው ሰው የተጫወተበትን ሰዓት የሚቆጥር፣ የከፈለውም ወደ ግዢው የሚታሰብለት ክፍያ ነው። እስከዚያው አጭሩን ታሪክ መከራየት፣ ረጅሙን መግዛት ይሻላል።