የቺንግዌን መርፌ

የቻይናው ደራሲ ሳዎ ሹዌቺን በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው «የቀዩ እልፍኝ ሕልም» ልብ ወለድ ውስጥ ገረዶች የእልፍኝ ማድመቂያ አይደሉም። ቺንግዌን ደግሞ ከሁሉም ትለያለች። የትውልድ ቀዬዋንም ሆነ ወላጆቿን አታስታውስም። በልጅነቷ የገዟት ራሳቸው የባለጸጋው የጂያ ቤት አገልጋዮች ነበሩ፤ ኋላ ለቤቱ አያት በገጸ በረከት ሰጧት።

ሙያዋ የሚታየው በ52ኛው ምዕራፍ ነው። ወጣቱ ጌታ ባዎዩ አያቱ የሰጡትን በጣዎስ ላባ ክር የተሠራ ካባ እሳት አስነካው፤ በማግስቱ ደግሞ ለብሶት መውጣት አለበት። ሸማኔውም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ጥልፍ ጠላፊውም ሥራውን አላውቀውም ብለው መለሱት። ቺንግዌን ትኩሳት ጥሏት ተኝታለች። ቢሆንም ተነሣች፤ ቀዳዳውን ወጠረች፣ የተቃጠለውን ጠርዝ በቢላ ፋቀች፣ ድሩን ዘርግታ ማጉን አስገባች። ጥቂት ትሰፋና ትራሷ ላይ ትደገፋለች። ሰዓቱ አራት ጊዜ ሲደውል ጨረሰች።

ሳዎ ባለሙያነቷን በቃል አያወድስም፤ እጇን ያሳየናል። ድካሟን ሳይደብቅ፣ ኩራቷንም ሳይቀንስ።

በ77ኛው ምዕራፍ የባዎዩ እናት ከሕመም አልጋዋ አስነሥተው አባረሯት፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ባዎዩ በገንዘብ ለተገዛችው ለዚህች ልጅ በ78ኛው ምዕራፍ ረጅም የሐዘን ቅኔ ጻፈላት።