ስንት ወረቀት?

ባለፈው ጥቅምት አዲስ የተቀጠረ ወጣት መምህር ወደ ቢሮዬ መጣና በሩ ላይ እንደቆመ፣ «ፕሮፍ፣ ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን በጠቅላላው ስንት ወረቀት ያስፈልጋል?» አለኝ። «ፕሮፍ» ያለኝ አክብሮኝ ነው እንጂ እኔ ተባባሪ ፕሮፌሰር ነኝ፤ «ተባባሪ» የምትለዋን ቃል ከደመወዝ ከፋዩ በቀር ማንም አያነሳትም። ጠረጴዛዬ ላይ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚድ ፈተና በሲባጎ ታስሮ ተከምሯል። ዓይኔ እዚያ ላይ ስለነበር ጥያቄው በሌላ በኩል ገባኝ። «እኔ እንኳ እስካሁን ወደ 17 ሺህ ሳልደርስ አልቀርም» አልኩት። ልጁ ደነገጠ።

እሱ የጠየቀው በጆርናል ስለሚታተመው ነው፤ እኔ የቆጠርኩት ያረምኩትን ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። 28 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በዓመት ሁለት ሴሚስተር፣ በሴሚስተር በአማካይ 150 ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሚድ፣ አንድ ፋይናል። 16,800 ይመጣል። ለደረጃ ዕድገት ሳመለክት ይህን ቁጥር የምጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ ፈልጌ አጣሁ። የታተሙት ጽሑፎቼ ግማሽ ገጽ አይሞሉም፤ ለእነሱ ግን ሦስት ገጽ ሙሉ ሰንጠረዥ ተዘጋጅቶላቸዋል።

ለወጣቱ መካሪ አይጠፋም። የትኛው ጆርናል ቶሎ እንደሚያወጣ፣ የትኛው ገንዘብ እንደሚያስከፍል፣ ማን የማንን ስም ጽሑፉ ላይ እንደሚያስገባ የሚነግሩት ሞልተዋል። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባልደረቦቼም እሱኑ ደጋግሜ ስል ሰልችቷቸዋል። መምህር የሚወጣው ከእርማት ነው። ስናስተምርማ ሁላችንም ጎበዞች ነን፤ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ራስ ሲነቀነቅለት ሁሉም የገባቸው ይመስለዋል። ምን እንዳስተማርክ የምታውቀው ከሳምንታት በኋላ ቃልህ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ ተጽፎ ሲመለስልህ ነው። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ታፍራለህ።

አጠገቤ ያለው ቢሮ ባለቤት፣ የ20 ዓመት ጓደኛዬ፣ በዚህ አይስማማም። እሱ የምርጫ ሰው ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ፈተናውን አንድ ሌሊት ያወጣል፣ በግማሽ ቀን አርሞ ይጨርሳል። ክርክሩም የዋዛ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ምርጫ ነው፤ «ታዲያ አንተ መሀል ላይ ገብተህ ለምን ድርሰት ታጽፋቸዋለህ?» ይለኛል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የፍሬሽማን ትምህርት ሲመለስ «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ» የጋራ ኮርስ ሆነ። ተማሪ አጥተን ስናዛጋ የነበርን የታሪክ መምህራን በአንድ ጊዜ ኢንጂነሩንም፣ ሐኪሙንም፣ አካውንታንቱንም እናስተምር ጀመር። «አንተ አንድ ክፍል ስታርም እኔ አንድ ፔፐር አወጣለሁ» ይላል። እውነቱን ነው። ዘንድሮ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኗል፤ ድግሱ ላይ ቁርጥ በልቻለሁ።

እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የማነሳበት አንድ ምሳሌ አለኝ። የእሱ ፈተና፣ «ያወዛገበው የውጫሌ ውል አንቀጽ ስንተኛው ነው?» ይላል። ልጁ 17 ያለበትን ፊደል ያከብና ይወጣል። ምን እንዳወቀ ማን ያውቃል? እኔ ያንኑ ነገር ጠይቄ፣ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጂ መለያየት ምን እንዳስከተለ አስረዱ ብዬ፣ ከአንዲት ልጅ የደረሰኝን መልስ እስካሁን አስታውሳለሁ።

መልሱ የሚጀምረው በስህተት ነው፤ አንቀጹን 19ኛ ብላዋለች። ማስተማሪያውም መፈተኛውም ቋንቋ እንግሊዝኛ ነውና፣ ያች እንግሊዝኛ አንዱ ዓረፍተ ነገር ግስ የለው፣ ሌላው ሁለት ግስ ደርቦ ይሄዳል። መሀል ላይ ስትደርስ እንግሊዝኛውን ትታ በፊደል «ይቻላቸዋል» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአማርኛው፣ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ነው የሚለው፤ በጣሊያንኛው ደግሞ ግዴታቸው ይሆናል። ነገሩ ሁሉ ያች አንዲት ግስ ላይ እንደተንጠለጠለ ልጅቷ ገብቷታል። ቀጥላም የአባቷን ታሪክ አመጣች። አባቷ ማንበብ አይችሉም። የማዳበሪያ ብድር ወረቀት ሲነበብላቸው ከፈለጉ የሚወስዱት መስሏቸው አሻራቸውን አደረጉ፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን ይወስዳሉ የሚል ኖሯል። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ልዩነት ያወቁት ከንግሥት ቪክቶሪያ በመጣ የደብዳቤ መልስ ነው፤ አባቷ ያወቁት ዕዳ ሊያስከፍሉ በመጡ ሰዎች ነው። እንዲህ ነበር የጻፈችው፤ እኔ አማርኛውን አቃናሁት እንጂ ሐሳቡ የእሷ ነው።

ከ10 ውስጥ 8 ሰጠኋት። ለጓደኛዬ ባሳየው፣ «ቁጥሩ ስህተት፣ አማርኛ መጻፍ ክልክል፣ የአባቷ ማዳበሪያ ኮርሱ ውስጥ የለም» ብሎ ሁለት ሰጣት። እስከዛሬ አልታረቅንበትም። የእሱን ምርጫ ብትፈተን ግን ዜሮ ነበር የምታገኘው፤ 17ን የከበበው ልጅ ደግሞ ሙሉውን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገሩ ሁሉ ጉድ አለ። ከእኛ ወገን ግን ልጆቹ አንድ አንቀጽ ጻፉ የተባሉት ስንት ጊዜ ነው ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። በቅኔ ቤት እንኳ ተማሪው ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እየሰማ ያርምለታል። ከአራት ቅኔ አንዱን ክበብ ተብሎ ባለቅኔ የሆነ ሰው የለም።

አስተራረሜን ለወጣቱ ነግሬዋለሁ። በተማሪ ሳይሆን በጥያቄ ነው የማርመው፤ የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ ጨርሼ ወደ ሁለተኛው እሄዳለሁ። ስም የተጻፈበትን ሽፋን ወደ ኋላ አጥፌ እይዛለሁ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ነጥብ ሳልሰጥ አነባለሁ፤ ከዚያም በእርሳስ እሰጣለሁ። መጨረሻ ላይ ተመልሼ አያቸዋለሁ፤ ጠዋት ላይ ጨካኝ፣ ማታ ላይ ለጋስ መሆኔን ስለማውቅ። እራት ከበላሁ በኋላ አላርምም። እስክሪብቶ የማነሳው ድምር ላይ ብቻ ነው፤ ድምሩንም አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ እደምራለሁ። ባዶ የቀረ ገጽ ካለ ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ መስመር አሰምርበታለሁ።

ይህቺ የመጨረሻዋ ልማድ ናት ልጁን ያሳቀችው። «ባዶ ወረቀት ምን ይታረማል?» አለኝ። እኔም ለብዙ ሰው የማልነግረውን ነገርኩት።

ማስተማር በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። መብራት ስለጠፋ በሻማ ነበር የማርመው፤ ግሬድ ማስገቢያው ቀን ደግሞ ነገ ነው። አንድ ልጅ አራተኛውን ጥያቄ አልመለሰም ብዬ ዜሮ አደረግሁ። ኤፍ ወጣለት። በዚያች ኤፍ ምክንያት አማካይ ውጤቱ ከመቆያው በጥቂት ነጥብ ዝቅ አለና ተባረረ። በዓመቱ ቢሮ ስለቅ የድሮ ወረቀቶች ለማቃጠል ሳገላብጥ የዚያ ልጅ ወረቀት እጄ ላይ ተገለበጠ። አራተኛው መልስ የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ ነበር፤ ተጠጋግቶ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ ገጹን ሞልቶ። ቁሜ አነበብኩት። ጥሩ መልስ ነበር። ሬጅስትራር ሄድኩ፤ ግሬድ የሚለወጥበት ጊዜ አልፏል ተባልኩ። ተማክሬ፣ ለምኜ፣ ማመልከቻ ጽፌ ጉዳዩ ተከፈተ፤ ልጁ ግን አልተገኘም። የሰጠው አድራሻ አንድ ቀበሌ ነበር፤ ቤተሰቡ ለቀው ሄደዋል። የት እንደደረሰ አላውቅም። ሙሉ ፕሮፌሰር ያልሆንኩት ለምን እንደሆነ ሰዎች ሲጠይቁኝ ጊዜ አጣሁ እላለሁ። ጊዜዬን የወሰደው ያ ገጽ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳላገላብጥ ያለፍኩት ወረቀት የለም።

እናቴ የጎጃም ገበሬ ነበረች። አንድ ዓመት ለሕክምና መጥታ እኔ ጋ ስትሰነብት፣ ማታ ማታ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብዬ ታየኛለች። በሦስተኛው ቀን፣ «ምን እያደረግህ ነው ሁልጊዜ?» አለችኝ። «እያረምኩ ነው» አልኳት። «ከተማም አረም አለ እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ቆይታ ደግሞ በቁም ነገር፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ብቻህን? ደቦ አትጠራም?»

ልጅ ሆኜ ነሐሴ ላይ ጤፍ ሳርም ትጮህብኝ የነበረው ትዝ አለኝ። እኔ ሙጃ ያየሁበት ሁሉ እየዘለልኩ ስነቅል ጤፉን እረግጠዋለሁ። «አንተ ልጅ፣ እግርህን እይ!» ትለኝ ነበር። እሷ ግን እንክርዳዱን ገና ሳያፈራ በቅጠሉ ከስንዴው ትለየዋለች፤ ስትነቅልም ስንዴው አይነቃነቅም። ዛሬ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ስህተት የሚያሳድዱ ጀማሪ መምህራን ሳይ አፌ ላይ የሚመጣው ያው ነው፤ እግርህን እይ። በ17 ፈንታ የተጻፈውን 19 ሲነቅሉ «ይቻላቸዋል»ን ይረግጡታል።

ስለ ደቦውም እናቴ ልክ ነበረች። ጀማሪ ሳለሁ የጋራ ኮርስ ፈተና በደቦ ነበር የምናርመው። ቅዳሜ አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንዱ አንድ ጥያቄ ይይዛል፣ ወረቀቱ በእጅ ይዞራል፣ የሚያጠራጥር መልስ ሲገኝ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ክርክር ይነሳል። አንድ ቃል እንዴት እንደሚመዘን የተማርኩት እዚያ ነው፤ የዶክትሬት ትምህርቴ ይህን አላስተማረኝም። ከዚያ ክፍሉ በዛ፣ ሰው ለትርፍ ሥራ በየግል ኮሌጁ ተበተነ፣ ምርጫም መጣ። ደቦው ፈረሰ።

እናም ወጣቱን፣ «ስንት ፔፐር እንደሚያስፈልግ ደንቡ ላይ ተጽፏል፤ ሂድና አንብብ። ቅዳሜ ግን ና» አልኩት። ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። መጣ፤ የራሱን ክምር በፌስታል ይዞ። ሁለተኛውን ጥያቄ ለእሱ፣ ሦስተኛውን ለእኔ ተከፋፈልን። ጠዋት ላይ በየደቂቃው ስልኩን ያይ ነበር። ከቡና በኋላ ረሳው። አንድ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ይችን ይስሙኝማ» ብሎ አነበበልኝ፤ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። «ፕሮፍ» ማለቱን መቼ እንደተወ ልብ አላልኩም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ያረምነውን እያሰርን ሳለ ከእኔ ክምር አንዱን መዘዘ። «ጋሼ፣ ይሄኛው መስመር የለውም» አለ።

ተቀብዬ ገለበጥኩት። ባዶ ነበር። እርሳሴን አንስቼ ከጥግ እስከ ጥግ አሰመርኩበት።