ስለ መቋሚያ ትርጓሜ

መቋሚያ ራሱ አግድም ስለ ሆነ በመስቀል አምሳል ይተረጐማል፤ በዝማሜ ጊዜ ወዲያና ወዲህ መዘንበሉም የጌታን መንገላታት ያሳስባል ይባላል። ትርጓሜው መልካም ነው። ነገር ግን ይህን ብቻ ይዘው፣ ዕንጨቱ ስሙን ያገኘበትን ሥራ እንደ ተራ ነገር የሚያልፉ አሉ። ስሙ «ቆመ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ሌሊቱን ቆሞ የሚያመሰግን ሰው ጕልበቱ ሲዝል ይደገፍበታልና። ዐፄ ገብረ መስቀልም በ6ኛው መቶ ዓመት የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲሰሙ በጦራቸው ተመርኵዘው ነበር፤ ጦሩም የማሕሌታዩን እግር እንደ ወጋ፣ ሁለቱም በተመስጦ ሆነው እንዳልታወቃቸው በትውፊት ይነገራል። እንግዲህ የደካማው ሰውነት በዕንጨት መደገፍ ከምሥጢሩ ውጭ አይደለም፤ በዕፀ በለስ የወደቀው አዳም በዕፀ መስቀል መነሣቱን ከቅርጹ ይልቅ ድጋፉ ያስረዳል። እጀታውን በብርና በቀንድ ማስጌጥ አይነቀፍም፤ ብቻ ጌጡ ለመደገፍ የማያመች ያደረገው እንደ ሆነ፣ ስሙ ከሥራው ይለያል። በየደብሩ ሽማግሌ አስቀዳሾች በቅዳሴ ጊዜ የሚመረኰዙት በትር ጌጥ የለውም፤ ትርጓሜውን ግን ከብሩ መቋሚያ ባላነሰ ይሸከማል።