መዳቧን አትጣሏት

«ጋሼ፣ ስንት ያወጣል?» አለኝ ገና ቁጭ ሳይል። ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ የመጣ ወጣት ነው። አባቱ አርፈው ዕቃ ሲፈተሽ ከጓዳ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ብር ተገኝቷል፦ ጠገራው ሃያ ምናምን፣ የምኒልክ ብር ሦስት፣ አላድ አንድ። ወራሾቹ አምስት ናቸው። ዋጋውን ቁርጥ አድርጎ የሚነግራቸው ሰው ካገኙ በማግስቱ ሊካፈሉ ተስማምተዋል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ሲፈታ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ነገር አለኝ፤ ሌላውስ የት አለ?

«ሌላ የለም» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «የማይረባ መዳብ መዳብ ነገር ነበር፤ ልጆቹ እየተጫወቱበት ነው» አለኝ።

ይህን መልስ ያልሰማሁበት ዓመት የለም። በዚህ ሥራ ውስጥ ያላችሁ ስለ ብር ጥራት፣ ስለ ምኒልክ አንበሳ ቀኝና ግራ እግር፣ ከማግኔት ስለሚያመልጥ ሐሰተኛ ብር ከእኔ የምትማሩት የለም። እኔ የማወራው ልጆቹ ስለሚጫወቱባት መዳብ ነው። ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ፤ ሰልችቷችሁም ከሆነ ገና አልጨረስኩም።

ጠገራ ብር ዓመቱን አይናገርም። ሁሉም 1780 ይላል። ፊቷ የታተመበት የኦስትሪያ ገዢ ማርያ ትሬዛ የሞተችው በዚያው ዓመት ኅዳር ነው፤ ብሯ ግን ከሞተች በኋላም ያንኑ ቁጥር ይዞ ሲታተም ኖረ። ያተመችውም ቪየና ብቻ አይደለችም። ሙሶሊኒ ሀገራችንን ሊወር ሲሰናዳ፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ የማተም መብቱን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ ማሳተም ጀመረ። እንግሊዝም በበኩሏ ለንደን ላይ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ቦምቤይ ላይ አሳተመች። ፓሪስና ብራስልስም እጃቸው አለበት። እንግዲህ መንዝ ጓዳ ውስጥ ያለ አንድ ጠገራ፣ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር በግመል ተጭኖ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል የወጣ ሊሆን ይችላል። ለባንዳ ደመወዝ የተከፈለ የሮም ሥራም ሊሆን ይችላል። የሴትዮዋ ፊት ያው፣ ሁለት ራሱ ንስር ያው፣ ቁጥሩም ያው ነው። በአጉሊ መነጽር የንስሩን ጅራት ላባና የሴትዮዋን የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎች እየቆጠሩ ከየት እንደወጣ የሚለዩ ሰዎች አሉ፤ ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ ያስደንቃል። ነገር ግን ያ የሚሠራው ፊቱ ለተረፈ ብር ነው። የእኛ ሀገር ጠገራ ገበያ ለገበያ ሲንከባለል፣ ድንጋይ ላይ እየተጣለ ድምፁ ሲፈተን፣ በየጥሎሹ ሲቆጠር ላባው አልቋል።

ለዚህ ነው ብሩ ብቻውን ሲመጣልኝ ምንም ማለት የማልችለው። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት፣ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ። ይህን ማንም ሚዛን ያለው ሰው ይነግራችኋል። ቋጠሮው መቼ ተቋጠረ፣ ማን ቋጠረው፣ ከየት መጣ ለሚለው ምስክሩ ዓመቱ የታወቀው ተራ ሳንቲም ነው። የተቀበረ ገንዘብ የሚያጠኑ ሊቃውንት ዓለም ሁሉ የሚሠሩበት ዘዴ ነው፤ ማሰሮው ውስጥ ካለው ሁሉ የመጨረሻዋን ትፈልጋለህ፤ ማሰሮው ከእሷ በፊት ሊዘጋ አይችልም። የመጨረሻዋ ደግሞ በእኛ ቤት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ርካሿ ናት። የምኒልክ መዳብ፣ የ1923ቱ የንግሥ ዘመን ኒኬል፣ ስሙኒ። እነዚህን ነው ወራሹ መጀመሪያ ለቅሞ የሚጥላቸው።

ወጣቱን መዳቡን ፈልጎ እንዲያመጣ ላክሁት። በሁለተኛው ቅዳሜ መዳቦቹን በላስቲክ አንጠልጥሎ መጣ፤ ከልጆቹ እጅ የተረፈውን ማለቴ ነው። ሁለቱን ላሳያችሁ። አንደኛዋ የጣሊያን ኒኬል ናት፤ ማግኔት ሲቀርባት እመር ብላ ትያዛለች፤ ንጉሣቸውን «ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት» ትላለች፤ ስለዚህ ከ1928 ዓ.ም. ወረራ ወዲህ የታተመች ናት። ሁለተኛዋ ክብ ስሙኒ ናት። መዳብ ናት፤ ነገር ግን በፊደሎቹ ሥርና በአንበሳው ጎፈር ውስጥ ነጭ ነጭ ነገር ቀርቷል፤ ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ግን ታሽቶ ቀልቷል።

ያ ነጭ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ፣ ወረቀት የማያምነውን ገበሬ ለማባበል ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ተሠራ። ስሙኒው መዳብ ሆነ። መጠናቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ብልጣብልጡ አልዘገየም፤ ስሙኒውን ብር እየቀባ በሃምሳ ሳንቲም ዋጋ አሳለፈ። መንግሥትም በ1944 ዓ.ም. ገደማ ክቡን ስሙኒ እየሰበሰበ፣ ዙሪያውን ገባ ወጣ ባለው ተካው። ሁለቱም የሚሉት 1936 ነው፤ ይህም ቁጥር እንደ 1780ው ለብዙ ዓመት ሳይቀየር ስለታተመ በቁጥሩ ብቻ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። ጠርዙ ግን አይዋሽም።

በወጣቱ ቋጠሮ ውስጥ ገባ ወጣ ያለው ስሙኒ የለም። አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ልጆቹ ጥለውት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ክቧ መኖሯ ይበቃኛል። የቤቱ ወሬ ደግሞ፣ ብሩ ቅድመ አያታቸው ከአንኮበር ያመጡት የምኒልክ ዘመን ሀብት ነው፣ ጣሊያን ሲመጣ ተቀበረ የሚል ነበር። ጀግና ቅድመ አያት፣ የተቀበረ ብር፤ ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ሸዋ ውስጥ ያልሰማሁበት ቤት የለም። ስሙኒዋ ግን ቋጠሮው ከነጻነት በኋላም ክፍት እንደነበር ትናገራለች። የተቀባች ስሙኒ ከብር ጋር ምን አስቀመጣት? ብር መስላ ስለተቀመጠች ነው፤ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

«ከቤታችሁ በዕድሜ ትልቋ ሴት ማን ናት?» አልኩት። ሞላሌ ያሉ አክስቱ ናቸው። እዚያው ደወለላቸው፤ ስልኩን ሰጠኝ።

«የአያቴ ነው ያሉህ?» አሉኝና ሳቁ። «የእናቴ ነው እንጂ! ባና የሚሆን ሱፍ እየፈተለች፣ ቅቤ እያወጣች፣ በግ እየሸጠች። ወረቀቱን እሳት ይበላዋል፣ አይጥ ይበላዋል ብላ እጇን አትዘረጋለትም ነበር። ብር ያለው ሰው እስኪመጣ ገበያ ውላ ትመለሳለች።»

እንግዲህ የአንድ ጀግና ወንድ ምርኮ ሆኖ የኖረው ሀብት፣ የአንዲት ሴት የቅቤ ዋጋ ሆነ። ወጣቱ ትንሽ ቅር አለው። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። የጣሊያኗን ኒኬል ለምን እንዳስቀመጧት ግን አክስትየዋም አያውቁም።

ከአንድ ብር ሠሪ ጋር በዚህ ጉዳይ ተጣልተን ታርቀን፣ እንደገና ተጣልተናል። ስሙን አልጠራም፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ እጁን የሚስተካከል ጥቂት ነው። የእሱ ነገር አጭር ነው፦ ብር ብር ነው፣ መዝነህ ተካፈል፣ የተካፈልከውን አቅልጠህ መስቀል አሠርተህ ለልጅህ አንገት አድርግ፤ ጋን ሥር ተቀምጦ ማንን ጠቀመ? መንዝ ውስጥ ከማተብ ጋር የተንጠለጠለው መስቀል፣ የእናቶቻችን ድሪና አልቦ ከዚሁ ከጠገራ መቅለጡን እኔም አልክድም። የአባቶቹ ሙያ ነው። ግን የእሱ ሚዛን የሚያደርገውን ተመልከቱ። የምኒልክ ብር ፓሪስ ሲታተም ከጠገራው እንዳይለይ ታስቦ ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት፣ ጥራቱ 835 ከሺህ ሆኖ ነው የተሠራው። በሚዛን ላይ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ሕዝቡ ግን የለመደውን የሴትዮዋን ብር አልለቅም ብሎ የንጉሠ ነገሥቱን ብር እንደልብ ስላልተቀበለው፣ የታተመው ከጠገራው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ሰብሳቢ ዛሬ የሚከፍልበትም ለዚሁ ነው። አምስት ወራሾች በግራም ሲካፈሉ የምኒልኩ የደረሰው ሳያውቀው የሌላውን ድርሻ ይዞ ይሄዳል። ፍርድ ብለው የጀመሩት ነገር አድልዎ ሆኖ ያልቃል።

ይህን ስነግረው ብር ሠሪው፣ «አንተም ያው ዋጋ ነው የምታወራው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለዚያች ቀን አፌን አስያዘኝ።

ስለ ማጠብ አንድ ቃል ብቻ። ለጥምቀት መስቀል በአመድና በሎሚ እንደሚታሸት ሁሉ ብሩንም አሽተው የሚያመጡልኝ አሉ፤ አንዳንዱ በጥርስ ሳሙና። ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ የብሩ ቆዳ ነው። የተላጠ ብር ገዢው ከሩቅ ያውቀዋል። የተቀባችው ስሙኒ ደግሞ አንድ ጊዜ ብትታሽ ኖሮ ታሪኳ በውኃው ይሄድ ነበር።

«ታዲያ ምን እናድርገው?» ይሉኛል። ዕቃው ከጓዳ ሳይወጣ በፊት፣ ቋጠሮው እንዳለ፣ ከነጨርቁ፣ ከነመዳቡ ፎቶ ይነሣ። እያንዳንዱ ይመዘን፤ ዘውዱም ጎፈሩም ይነሣ። ከዚያ የቤቱ አሮጊት ትጠራና የምትለው ሁሉ በራሷ አነጋገር ይጻፍ፤ ማን ልጇን ሲድር ስንት እንደወሰደ፣ የትኛው ገበያ፣ የትኛው ዓመት ረኀብ። ይህ ካለቀ በኋላ መሸጥም ነውር አይደለም። ልጅ የሚያስተምሩበት፣ ጣሪያ ቆርቆሮ የሚያለብሱበት ሲያጡ ሸጠው የሚመጡትን ተቆጥቼ አላውቅም። ቁራጭ ቁራጩን ለቱሪስት ዕቃ መደብር መበተን ግን አይሁን፤ በሻንጣ ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብም አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ያንብብ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም። ከመሬት ተቆፍሮ የአክሱም ሳንቲም የተገኘ እንደሆነ ጉዳዩ የወራሽ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ የቅርስ ባለሥልጣን መስማት አለበት።

ካልተሸጠ ደግሞ እኔ ለአምስት መከፈሉን እቃወማለሁ። ሕጉ ልጆች እኩል ይካፈሉ ይላል፤ ይካፈሉ፤ አራቱ ከብት ወይም ገንዘብ ይውሰዱና ቋጠሮው አንድ ሰው ጋ ይደር። ታላቁ ጋ አይደለም፤ ጠያቂው ጋ። ብዙ ጊዜ ጠያቂዋ ሴት ልጅ ናት፤ ብዙ ጊዜም የማትሰጠው እሷ ናት።

ይህን ያህል ድርቅ የምለው ለምን እንደሆነ ሚስቴ ታውቃለች። የአባቴ እናት ጌራ ምድር ነው ያረፉት። ከአርባቸው በኋላ ብራቸው ለያንዳንዱ ልጅ እኩል ታደለ፤ ሴቶቹ መስቀል አሠሩበት፤ ከወንዶቹ አንዱ ጠጣበት፤ አባቴ የደረሰውን ለእኔ የትምህርት ቤት ልብስ አደረገው። መዳቡን ማን እንደጣለው የሚያስታውስ የለም። ሴትዮዋ በወረራው ጊዜ የት እንደነበሩ፣ ብሩን ከማን እንደተቀበሉ፣ ገበያ ይወጡ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ። መልካቸውን አስታውሳለሁ፤ ሥራቸውን ግን አላውቅም። ስለዚህ የሰው ቋጠሮ እፈታለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰብሳቢ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ብርቅ ብርቁን እያሳደድኩ የምኒልክን ሩብና መሐለቅ በየዓመተ ምሕረቱ ለመደርደር ደመወዜን ጨረስኩ። ድርድሩ አሁንም አለኝ፤ ያምራል። እንግዳ ሲመጣ የማወጣው ግን እሱን አይደለም።

የማወጣው ከየቤቱ የተሰጡኝን መዳቦች ነው፤ እያንዳንዱ በወረቀት ፖስታ ውስጥ ነው፤ ላስቲክ ብረት ይበላል። ፖስታው ላይ የወረዳው ስም፣ የቤቱ ወሬ፣ ከወሬው ጎን ደግሞ ሳንቲሙ የሚለው ተጽፏል። ሁለቱ የሚስማሙባቸው ጥቂት ናቸው።

ኑዛዜዬን ጽፌ ጨርሻለሁ። የምኒልኩ ድርድር እንደ ሌላው ንብረቴ ይሸጥና ልጆቼ ይካፈሉት፤ ለመካፈል የሚመች ነገር ነው። ፖስታዎቹ አዲስ አበባ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እንዲሰጡ፣ ካልተቀበላቸው ሁለተኛዋ ልጄ እንድትይዛቸው አዝዣለሁ። ታላቁ ልጄ ለምን ሁለተኛዋ ብሎ ጠይቆኛል። ሳንቲሞቹ ግን ከየት እንደመጡ እስካሁን ጠይቆኝ አያውቅም።