ካፖኮርዳውን ሳያዩ ባትሪውን አያድንቁ

ላሊበላ ውስጥ አንድ ፔንሲዮን ሶላር አስገባ ሲባል የሚጠየቀው የታወቀ ነው። ስንት ፓኔል? ስንት ዋት? ባትሪው ሊቲየም ነው ወይስ የድሮው? ኢንቨርተሩ ቁጥር የሚያሳይ መስኮት ካለው ደግሞ አለቀ፤ ሠሪው «እጁ ይባረክ» ይባላል። ጎንበስ ብሎ ከባትሪው ራስ የሚነሣውን ገመድ የሚያይ የለም። ይህ ያናድደኛል፤ ንዴቴም ያለ ምክንያት አይደለም። ፓኔሉን የሠራው ፋብሪካ ነው፤ ባትሪውንም፣ ኢንቨርተሩንም እንዲሁ። እነዚህን ገንዘብ ያለው ሁሉ ገዝቶ ያመጣቸዋል። ባለሙያው በገዛ እጁ የሚሠራው በመካከላቸው ያለውን የመዳብ መንገድ ብቻ ነው፦ የገመዱን ውፍረት፣ ርዝመቱንና መጋጠሚያውን። ኤሌክትሪሻንን በፓኔሉ ብዛት ማድነቅ ወጥ ሠሪዋን በድስቷ ማድነቅ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ነገሮች እዚህ አልዘረዝርም። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፓኔሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ማለቱን፣ የዛፍ ጥላ እንዳያርፍበት መጠንቀቅን፣ አሮጌና አዲስ ባትሪ አለመቀላቀልን የማያውቅ ሰው ሥራውን ባይጀምረው ይሻለዋል። ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ይሁን፤ ፊውዝ የሌለውን ሥራ ልመዝነውም አልፈልግም። ስለ ከፍታው አንድ ቃል ብቻ፦ በ2500 ሜትር አካባቢ አየሩ ስስ ስለሆነ ኢንቨርተር እንደ ቆላው በቀላሉ አይቀዘቅዝም። ዙሪያውን በካርቶን ከተከበበ ከነአካቴው አይተነፍስም።

ይልቅ ነገሩ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ማየት ይጠቅማል። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላሊበላ ያለችበት ላስታ ሲደርስ የከተማው መብራት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆየ። ሆቴሉም፣ ሱቁም፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርገውም ባገኘው ሶላር ይጠቀም ነበር፤ ያኔ ምርጫ አልነበረም፣ በዚያ አልፈርድም። አሁን ግን ያንኑ «ማሳደግ» ተይዟል፤ በ100 ዋቱ ላይ 300፣ በአንዱ ባትሪ ላይ ሦስት። መሠረቱ ግን ያው 12 ቮልት ነው። 12 ቮልት የመኪና ቮልቴጅ ነው። በመኪና ውስጥ፣ ፈረንጆች ለሽርሽር ከመኪና ኋላ በሚጎትቱት ቤት ውስጥም፣ ሁሉም ነገር ተቀራራቢ ነው፤ ከባትሪው እስከ አምፖሉ ጥቂት ሜትር ነው። እኛ ዘንድ ፓኔሉ የሳሎኑ ቆርቆሮ ላይ ይወጣል፤ ባትሪው ጓዳ ይገባል፣ ወይም ሌባ ተፈርቶ አልጋ ሥር ይደረጋል። በመካከሉ 15 ሜትር ቢገኝ አይገርምም። አሮጌው ገመድ 100 ዋቱን ችሎ ኖሮ ይሆናል። ፓኔልና ባትሪ ተጨምሮ ገመዱ እንዳለ ሲቀር ግን ያደገው ጭነቱ ብቻ ነው።

ቁጥሩን እንየው፤ ክርክሬ የሚቆመው በቁጥር ነውና። 1000 ዋት የሚስብ የውኃ ማፍያ በኢንቨርተር ሲሠራ፣ ኢንቨርተሩ ከመቶ አሥሩን ራሱ ይበላል ቢባል፣ ከ12 ቮልት ባትሪ 93 አምፔር ገደማ ይወጣል። ባትሪውና ኢንቨርተሩ በ2 ሜትር ቢራራቁ መዳቡ በመሄጃና በመመለሻ 4 ሜትር ነው። ሻጩ «6 ሚሊ» በሚለው ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ከተገናኙ 1.1 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ይህ 100 ዋት የሚሆን ሙቀት ነው፣ ያውም በግድግዳና በአልጋ መካከል። በባለ 35 ቢሆን ኪሳራው 0.2 ቮልት አይሞላም። ሙቀቱን እንኳ እንተወው። አብዛኛው ኢንቨርተር ቮልቴጁ 10.5 አካባቢ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። ግማሽ የሞላ የእርሳስ ባትሪ በዚህ ጭነት ወደ 11.5 ቢወርድ፣ 1.1 መንገድ ላይ ቀርቶ ኢንቨርተሩ የሚያየው 10.4 ነው። ጢው ይላል፣ ይጠፋል። ባለቤቱም «ባትሪው ሞቷል፣ ድሮስ የቻይና ዕቃ» ብሎ አዲስ ይገዛል፤ አዲሱንም በዚያው ገመድ ያስርለታል። 3500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ በ12 ቮልት ከ320 አምፔር በላይ ይፈልጋል። በዚህ ገመድ «ምጣድም ይችላል» ከሚል ሰው ጋር የሚደረግ ውይይት እዚያው ላይ ቢያበቃ ይሻላል።

በመሙያው በኩልም ያው በሽታ አለ፣ ግን ዝግ ብሎ ነው የሚገድለው። ቻርጅ ኮንትሮለሩ ከፓኔሉ አጠገብ ተሰቅሎ፣ 15 ሜትር ርቆ ያለውን ባትሪ በባለ 4 ገመድ ሲሞላ፣ በ10 አምፔር 1.3 ቮልት ይጠፋል። ኮንትሮለሩ የራሱን ጫፍ ለክቶ 14.4 ደረስኩ ይላል፤ ባትሪው ጋ የደረሰው ግን 13.1 ነው። እርግጥ አምፔሩ እየቀነሰ ሲሄድ ኪሳራውም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ባትሪው ከነጭራሹ አይሞላም ማለት አይደለም፣ ይዘገያል እንጂ። በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ስለሚውል ዘግይቶም ይደርሳል። ለዚህ ነው ለገና እንግዳ ተብሎ የተሠራ ሥራ ሁሉ ጥሩ የሚመስለው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ብቅ ጥልቅ ስትል ግን ሳይሞላ ይመሻል፣ በማግሥቱም እንዲሁ። ሳይሞላ የሚሰነብት የእርሳስ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌቱ ይደድራል፤ የደደረው ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። በገና ያማረ ሥራ በፍልሰታ ይጋለጣል። ኮንትሮለሩ ከባትሪው በክንድ ርቀት ይሁን፤ ርዝመቱን የፓኔሉ ገመድ ይሸከም፣ እዚያ በኩል ቮልቴጁ ትርፍ አለውና።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወፍራም ገመድ ተገዝቶ እንኳ ሥራው የሚበላሸው በጫፉ ነው። ካፖኮርዳ፣ ማለትም በገመዱ ጫፍ ተጨፍልቆ በብሎን የሚታሰረው የመዳብ ቀለበት፣ የሠሪውን ማንነት በሙሉ ይናገራል። መጀመሪያ አንገቱን እዩት። በትክክለኛ መጭመቂያ የተሠራ ከሆነ ዙሪያው እኩል የተጫነ፣ ብዙ ጊዜም ባለ ስድስት ጎን ነው፤ ቢቆረጥ የሽቦው ክሮች አንድ ሙሉ መዳብ መስለው ይታያሉ። በመዶሻ የተቀጠቀጠ ግን በአንድ ወገን ይደፈጠጣል፣ በሌላው ይሰነጠቃል፣ ውስጡ አየር ይቀራል። በፒንሳ የተቆነጠጠውንማ በእጅ ስቦ ማውጣት ይቻላል። ቀጥሎ ሽቦው ወደ አንገቱ የሚገባበትን ቦታ እዩ። ካፖኮርዳው ጠብቦት ከክሮቹ ጥቂቱን ቆርጦ የጣለ ሰው እዚያ ላይ አሻራውን ትቷል፤ ባለ 35 ተብሎ የተከፈለበት ገመድ ጫፉ ላይ ባለ 25 ሆኗል። ከላስቲኩ እስከ አንገቱ የጣት ስፋት ያህል ራቁቱን የቀረ መዳብ ካለም ሠሪው አልለካም ማለት ነው። ስታኞ ብቻ የፈሰሰበት ደግሞ ያብረቀርቃል፣ ሰውም ያደንቀዋል። ግን ስታኞ ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል፤ የጠጣውም ሽቦ ደርቆ በመነቃነቅ ይሰበራል። ከዚያ ብሎኑን እዩ። ካፖኮርዳው በቀጥታ በባትሪው ፊት ላይ መቀመጥ አለበት፤ ሮንዴላው ከላይ፣ ዳዶው ከሱ በላይ። ሮንዴላው በካፖኮርዳውና በባትሪው መካከል ከገባ መቶ አምፔር በብረት ውስጥ እንዲያልፍ ተፈረደበት፤ ብረት ፍሰቱን ከመዳብ ብዙ እጥፍ ይቋቋማል፣ የማይዝገው ዓይነት ደግሞ ይብሳል። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልስ? ለአምፖል ሽቦ ይለፍ። ከባትሪ በሚነሣ ገመድ ላይ ናስትሮ ካየሁ ሌላውን ማየት አያስፈልገኝም።

ዓይን የሚያታልለው ሌላም ነገር አለ። ገበያው ውስጥ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሽቦ ሞልቷል። ላስቲኩ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ዋጋው ግን ደስ ይላል። በእጅ ሲይዙት ይቀላል፤ አንዱን ክር በምላጭ ሲፍቁት ከቀዩ ሥር ነጭ ይወጣል። በዚያው ውፍረት ፍሰቱን የመዳብን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይቋቋማል፤ ከብሎን ሥር ደግሞ ቀስ በቀስ እየተጨፈለቀ ይላላል። ሻጩን አንድ ክር እንዲያስፍቅ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እምቢ ካለም መልሱን ሰጥቷል።

ዓይኑን የማያምን ይለካ። ትልቁን ጭነት አብርቶ፣ ቴስተሩን ወደ ሚሊ ቮልት አዙሮ፣ አንዱን ጫፍ በራሱ በባትሪው እርሳስ ላይ፣ ሁለተኛውን በካፖኮርዳው አንገት ላይ ያሳርፍ። በ90 አምፔር ጥሩ መጋጠሚያ ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ያሳያል። 100 ካሳየ 9 ዋት በአውራ ጣት በምታህል ቦታ እየነደደ ነው፤ ዛሬ ባያቃጥልም መዳቡን ያጠቁረዋል፣ የጠቆረው ይበልጥ ይቋቋማል፣ ይበልጥ ይግላል። በአሮጌ ሥራ ላይ ይህን ያለ ቴስተርም ማወቅ ይቻላል፦ ላስቲኩ ጫፉ ላይ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፣ የናስትሮው ሙጫ ወዝ ሆኖ ይወጣል።

«ሁለት ዓመት ሠርቷል፣ ምን ሆነ?» የሚል ክርክር አለ። ሁለት ዓመት የሠራው በአምፖልና በስልክ ነው። የመጋጠሚያ ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ያድጋል፤ አምፔሩ አሥር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ መቶ እጥፍ ይሆናል። ትናንት ችሏል ማለት ማሳደጉን ይችላል ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛው ክርክር ጠንከር ያለ ነው፦ ወፍራም መዳብ ውድ ነው፣ የላስታ ሰው ከየት ያምጣው? እውነት ነው፣ ውድ ነው። መልሱ ግን ቀጭን መግዛት ሳይሆን ማሳጠር ነው። ኢንቨርተሩን ወደ ባትሪው አስጠግቶ ርዝመቱን በ220 ቮልቱ በኩል ማስኬድ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም፤ 1000 ዋት በ220 ቮልት 5 አምፔር እንኳ አይሞላም። ሦስተኛው «ሊቲየም ስገዛ ይህ ሁሉ ይቀራል» የሚለው ነው፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የእርሳስ ባትሪ ሲጫኑት ቮልቴጁ ስለሚወርድ ኢንቨርተሩ ቶሎ ይጠፋል፤ ሳያውቅ መጥፎውን መጋጠሚያ ያሳርፈዋል። ሊቲየም ግን እስኪጨርስ ድረስ ቮልቴጁ ብዙም አይወርድም፤ ያንኑ 93 አምፔር ለሰዓታት ሳያቋርጥ ይሰጣል። መጥፎ ካፖኮርዳ የሚጋየው ያን ጊዜ ነው። የኮንትሮለሩን መቼት ወደ ሊቲየም መቀየር እንዳለበት፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደጋ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊትም ከ0 ዲግሪ በታች መሞላት እንደሌለበት ሻጩ ራሱ ሊናገር ይገባል።

ይህ ሁሉ አዲስ ዕውቀት አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ የፀሐይ ኃይል ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል፤ በመሀል አገር የሚቶ መንደር በ1985 እ.ኤ.አ. 10.5 ኪሎ ዋት ተተክሎላት፣ በ1989 ወደ 30 አድጎ ነበር። ለረዥም ዘመን ደግሞ በአገሪቱ ትልቁ የሶላር ተጠቃሚ ቴሌ ነበር፤ መስመር ባልደረሰበት ተራራ ላይ ያሉ የገጠር ጣቢያዎቹን በፀሐይ ያሠራ ነበር። ጌታ ባለሙያ ማየት የሚፈልግ የቴሌኮም ባትሪ ክፍልን ደንብ ይመልከት። ገመዱ ሁሉ ቁጥር አለው፤ ራሶቹ በቫዝሊን ተቀብተዋል፤ የአሲዱ ክብደት ተለክቶ በመዝገብ ይሰፍራል። ከሁሉም በላይ ቮልቴጁ 48 ነው። በዓለም ዙሪያ የስልክ ሰዎች 48ን የመረጡት ለጌጥ አይደለም፦ ሰውን ለመግደል ዝቅ ያለ፣ መዳብ ለመቆጠብ ደግሞ ከፍ ያለ ነው። ያ 1000 ዋት በ48 ቮልት 23 አምፔር ብቻ ይጠይቃል፤ በዚያችው ባለ 6 ገመድ የሚጠፋው 100 ዋት ሳይሆን 6 ነው። ስለዚህ ደንቤ ይህ ነው፦ ከ1000 ዋት በላይ የሚያስብ ሰው 12 ቮልትን አያሳድግ፣ ይተወው። አራት ባትሪ ካለው፣ ዓይነታቸውና ዕድሜያቸው አንድ ከሆነ፣ በተርታ አያይዞ 48 ያድርጋቸው፤ ኢንቨርተሩንና ኮንትሮለሩንም ለዚያው የተሠሩ አድርጎ ይግዛ። ሊቲየም ከሆኑ ግን በተርታ መታሰር የሚፈቀድላቸው መሆኑን በላያቸው ከተጻፈው ያረጋግጥ።

በ12 ቮልት ለመቆየት የሚገደድም አለ፤ እሱ ባትሪዎቹን ጎን ለጎን ሲያስር ፖዘቲቩን ከመጀመሪያው፣ ኔጋቲቩን ከመጨረሻው ባትሪ ያውጣ። ሁለቱንም ከአንድ ጫፍ ካወጣ የቅርቡ ባትሪ የሁሉንም ሥራ እየሠራ ቀድሞ ያረጃል። ሥራውን ሲረከብ ደግሞ ጥቂት ክፍያ ያስቀር። መዳብ በቀን ሲግል፣ በላስታ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ብሎኑ ይላላል፤ ከአንድ ወር በኋላ ባለሙያው በቁልፍ ዳዶዎቹን ሁሉ ዳግም አጥብቆ፣ በቴስተር ሚሊ ቮልቱን አሳይቶ የቀረችውን ይቀበል።